በፖር ሳን ሉክ ያረፉት አክስት

የጸዳለ እንጀራ ከመሬት በታች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ ጠበቆችና የጠበቆች ጠበቆች የሞሉበት አንድ ሕንፃ አለ፤ በሕንፃው ሥር ባለው ፓርኪንግ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ መኪና ስታስገባና ስታስወጣ ሃያ ዓመት አልፏታል። ዝናብ መዝነቡን የምታውቀው ከመኪኖቹ ጎማ ነው፤ በረዶ መጣሉን ከሾፌሮቹ ጫማ፤ ፕሬዚዳንት መለወጡን ከመኪኖቹ ቂጥ ላይ ከሚለጠፈው ወረቀት። ከፀሐይ ጋር እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ይተያያሉ፤ ሰላምታቸው ግን እንደ ሩቅ ዘመድ ነው።

በዚያ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ ሥዕል ተሰቅሏል። ከላይ ካሉት ቢሮዎች አንዱ ሲዘጋ ከቆሻሻው አጠገብ ተጥሎ ያገኘችው ነው። አንዲት የወደብ ከተማ ናት። ቀይ ተራራ፣ አረንጓዴ ሰማይ፣ እንደ ጨው ዕቃ አጭርና ድብልብል ያለ የደወል ቤት አላት። ባሕሩ ግን ሮዝ ነው፤ የሚያፍር ሰው ጉንጭ የመሰለ ሮዝ። ከሥሩ «ፖር ሳን ሉክ» የሚል ተጽፎበታል። ጸዳለ ስልኳን ጠይቃ ተረድታለች፤ ፈረንሳይ አገር፣ ሜዲትራኒያን ዳር ያለች፣ ሠዓሊ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ እየመጣ ቀለሙን የሚያፈስባት ከተማ ናት። ስልኳ ያልመለሰላት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባሕሩ እውነት ሮዝ ነው ወይስ ሰውየው ሰማያዊ ቀለም አልቆበት ነው?

ባሕር አጠገብ ደርሳ አታውቅም አይባልም። አንድ ጊዜ ዕድሩ ኦሽን ሲቲ ድረስ ለሽርሽር ወስዷታል። አትላንቲክን የሚያህል ነገር ከኋላዋ ተንጣሎ፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ለመቶ ሃያ ሰው ቲማቲም ስትከትፍ ዋለች። «ድምፁን ሰምቻለሁ፤ መልኩን ግን አላውቀውም» ትላለች፣ ስለ ሬዲዮ ጋዜጠኛ እንደሚወራ።

እንግዲህ ልጇ ሶሊ ለልደቷ የአውሮፕላን ትኬትና የአምስት ቀን ማደሪያ ገዝታ ሰጠቻት። «ማሚ፣ ጀስት ዩ ኤንድ ዘ ሲ። ኖ ፒፕል» አለቻት። ጸዳለ ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ ስትሰማ እንደ «ኖ ፒፕል» ያማረ ቃል ጆሮዋ ገብቶ አያውቅም። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ማንም ሳያናግራት፣ ቲማቲም ሳትከትፍ፣ ባሕር ፊት ለፊት ቁጭ ማለት! ከዚህ ሌላ ከዚህ ዓለም የምትጠይቀው አልነበራትም።

ችግሩ ወሩ ነው። አለቃዋ ፈቃድ የሚሰጣት ዋሽንግተን ባዶ በሚሆንበት በነሐሴ ነው፤ ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ናት። ሕፃን እንኳ በሚጾምበት ሱባኤ ተነሥቶ ልብስ ወደሚወለቅበት ባሕር ዳር መሄድ ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም። ስለዚህ ጸዳለ ላለመናገር ወሰነች። ሻንጣ ግን ገዛች። በምትኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ባንክ ዘርፎ ሳይታይ ሊያመልጥ ይችል ይሆናል፤ ሻንጣ ገዝቶ ሳይታይ ቤቱ የገባ ግን እስካሁን የለም።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከበቡሽ ጠበቀቻት። ከበቡሽ የዕድሩ ሊቀመንበር ናት፤ ከጸዳለ ጋር ከደሴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ። አሌክሳንድሪያ፣ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ተቀምጣ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚያነጥሰው «ይማርህ» የምትል ሴት ናት።

«ሻንጣ ገዛሽ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ማንም ይበል። ጥቁር ነው፣ ባለ አራት እግር። አገር ቤት ነው?»

«አይ… ፈረንሳይ።»

«ፈረንሳይ ማን አለሽ?»

ይህች ናት ጥያቄዋ! የእኛ ሰው አገርን በስፋቱም በታሪኩም አይለካም፤ «ማን አለሽ?» ብሎ ነው። ሰው የሌለሽ ከተማ ካርታ ላይ ቢኖርም የለም። ጸዳለ «ሮዝ ባሕር አለኝ» ብትል የዚያኑ ዕለት ጠበል ያስገቧት ነበር።

«አክስት» አለች።

የከበቡሽ ቅንድብ እስከ ሻሿ ድረስ ወጣ። «አክስት? አክስት ነበረሽ እንዴ?»

«ነበረችኝ።»

«ታዲያ ደህና ናት?»

ጸዳለ አሰበች። ደህና ናት ብትል፣ የአደራ በርበሬና የአደራ ሽሮ፣ ለማታውቀው ሰውዬ የሚሰጥ የአደራ ጫማም ሳይቀር ሻንጣዋን ይሞላዋል።

«ደህና እንኳ አይደለችም።»

«ውይ! ምኗን አመማት?»

«ሁሉ ነገሯን።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

ሐኪም መፍጠር ከባድ ነው። ጸዳለ አቋራጩን ያዘች።

«ሞተች።»

ከበቡሽ እሪታዋን ለቀቀችው። በግቢው የቆሙ ሦስት መኪናዎች አላርማቸውን ከፍተው አብረዋት ጮኹ። ከቅዳሴ የወጣው ሁሉ ከበባቸው፤ ጸዳለ ዓይኗ እያየ በደቂቃ ውስጥ ሐዘንተኛ ሆነች።

«ብቻዋን ልትሄድ ነበር እኮ!» አለች ከበቡሽ ለተሰበሰበው ሰው። «እኛ ሞተን ነው?»

«ኧረ ሩቅ ነው፣ ከበቡሽዬ…»

«ልቅሶ ሩቅ የለውም!»

እስከዚያ ቀን ድረስ የዕድሩ ልቅሶ በሰሜን ከሎረል፣ በምዕራብ ከሄርንደን አልፎ አያውቅም። ነገር ግን የአባላቱ እኩሌታ ኤርፖርት ነው የሚሠራው። ሻንጣ ጫኝ አለ፣ ወንበር ጠራጊ አለ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ገፊ አለ። አውሮፕላኑ ላይ ባዶ ወንበር ከተረፈ ራሱም ሚስቱም እናቱም በነፃ መብረር ይችላሉ። ይህ መብት ዓመት ሙሉ ሳይነካ ነው የሚከርመው። ወንበር ጠፍቶ አይደለም፤ ምክንያት ጠፍቶ ነው።

ማታ ጸዳለ ለሶሊ ደወለች።

«ዌይት፣ ማሚ። ዩ ኪልድ ኤ ፐርሰን?»

«አልገደልኩም! ሞተች ነው ያልኩት።»

«ሁ?»

«የሌለች ሰው።»

«ኦ ማይ ጋድ! ጀስት ሴይ ቫኬሽን!»

«ቫኬሽን ብዬ በምን ዓይኔ ሰው ፊት እቆማለሁ?» አለች ጸዳለ፤ ስልኩንም ዘጋችው።

በነጋታው የዕድሩ ሽማግሌ አቶ ወልደአምላክ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጡ። በልቅሶ ላይ የሟችን የሕይወት ታሪክ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸው ከበሮ ነው።

«የሟች ስም ማን ይባል ነበር?»

«የዓለምዘርፍ።»

«እትዬ የዓለምዘርፍ! ምን ያለ ስም ነው! ባል ነበራቸው?»

«እንጃ አባባ፣ እኔ…»

«የመርከብ አዛዥ ይሆናል፤ ወደብ አይደል? ሥራቸውስ?»

«እንጃ…»

«ሐዘኑ አፍሽን ይዞታል። ግድ የለሽም፣ እኔ አሟላዋለሁ። አሁን ፎቶ አምጪ። ፎቶ የሌለው ልቅሶ ማኅተም እንደሌለው ደብዳቤ ነው።»

ጸዳለ መሳቢያ ከፈተች። የነበራት አሮጌ ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ የራሷ፣ በሃያ ዓመቷ ደሴ ፎቶ ቤት የተነሣችው። ጸጉሯ ጎፈሬ፣ ቀሚሷ ባለ ትልልቅ አበባ፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣ ከኋላዋ ባሕር አለ። ባሕሩን ግድግዳው ላይ የሳለው፣ ባሕር በሕልሙም አይቶ የማያውቅ የደሴ ሰው ነው፤ ጀልባ ጨምሮበታል፣ የዘንባባ ዛፍም አልነፈገውም።

አቶ ወልደአምላክ ፎቶውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸው፣ ባሕር ዳር ለመኖራቸው ማስረጃ! አንቺን ቁርጥ ናቸው፤ እሳቸው ብቻ ትንሽ ቆንጆ ነበሩ።»

ጸዳለ አንድ ተስፋ ነበራት፤ ቀድሞ መድረስ። ሰዉ ባዶ ወንበር ሲጠብቅ እሷ ባሕሯን አይታ ትጨርሳለች። ፓሪስ ወርዳ፣ ባቡር ይዛ፣ ከዋሻ ዋሻ ስትሽሎኮሎክ ውላ ፖር ሳን ሉክ ስትደርስ ጨዋማ ሽታ አፍንጫዋን መታው። ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ መታጠፊያው ሮጠች፤ ባሕሩ ከመታጠፊያው በኋላ እንደሆነ ስልኳ ነግሯታል። ከመታጠፊያው በኋላ የነበረችው ግን ከበቡሽ ናት። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ለልቅሶ አዘቅዝቃ፣ ሁለት ክንዷን ዘርግታ ሜዲትራኒያንን ከዳር እስከ ዳር ሸፍናዋለች።

«እኔን! እኔን እኅትሽን!»

«እንዴት ቀደምሽኝ?» አለች ጸዳለ፣ ብብቷ ሥር ሆና።

«ባርሴሎና ባዶ ወንበር ነበር። ድንኳኑም ፍተሻውን አልፏል።»

ማደሪያዋ ሶሊ መርጣ የያዘችው፣ መስኮቱ ባሕሩ ላይ የሚከፈት ክፍል ነበር። ከበቡሽ ገብታ በመጀመሪያ መስኮቱን ዘጋች። «ሐዘንተኛ ባሕር አታይም፤ ሐሳቧ ይበተናል።» ቀጥላ ፍራሹን ከአልጋው አውርዳ መሬት አነጠፈች፤ ጸዳለን ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ አስቀመጠቻት። በቀኝዋ አንዲት ሴት፣ በግራዋ አንዲት ሴት ተኙ። ሐዘንተኛ ብቻዋን አትተውምና፣ ሽንት ቤት ስትሄድም በር ላይ ሁለት ሰው ቆሞ «በርቺ» ይላት ነበር። ባሕሩ ሌሊቱን ሙሉ ከጀርባዋ ሲተነፍስ አደረ። ኦሽን ሲቲ ማለት ነው፤ ቲማቲሙ ብቻ ጎደለ።

በሁለተኛው ቀን ሃያ ሦስት ሰው ተሟልቶ ድንኳኑ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ አሸዋው ላይ ተተከለ። ፖር ሳን ሉክ ውስጥ በበጋ ሥዕል የማይስል ሰው ዳቦ ጋጋሪው ብቻ ነው፤ እሱም ሰኞ ዕረፍቱ ስለሆነ ይስላል። መቶ ዓመት ሙሉ ያንኑ የጨው ዕቃ የመሰለ ደወል ቤት ሲስሉ የኖሩት ሠዓሊዎች ሙሾውን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባቸውን ሰጡትና ሸራቸውን ወደ ድንኳኑ አዞሩ። «ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። መልሱን የሰጠው ከዕድርተኞቹ አንዱ፣ በፍቃዱ ነው፤ ጅቡቲ ቪዛ ሲጠብቅ የለቃቀማት ፈረንሳይኛ ነበረችው። «ትልቅ ሴት ሞታ ነው» አላቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ንፍሮ ተዘገነላቸው፤ በአንድ እጃቸው እየቆረጠሙ በሌላው እጃቸው ሳሉ። ከበቡሽ ደረቷን እየመታች አንዱን ሠዓሊ «አገጬን ቀነስ አድርግልኝ» ስትለው በፍቃዱ ተረጎመ።

አቶ ወልደአምላክ የሕይወት ታሪኩን አነበቡ። እትዬ የዓለምዘርፍ ለካ አዋላጅ ነርስ ነበሩ፤ የመርከብ አዛዥ አግብተዋል፤ በማዕበል የሰጠሙ ሰባት ዓሣ አጥማጆችን በነጠላቸው ጎትተው አውጥተዋል። ጸዳለ ከነጠላዋ ሥር ሆና አክስቷን ማድነቅ ጀመረች።

ያን ጊዜ አንድ በዘንግ የሚሄድ ሽማግሌ ገባ። ሙሴ ኦገስት ይባላል፤ ዘጠና ዓመት አልፎታል፤ የከተማዋ የመጨረሻው ታላቅ ሠዓሊ እሱ እንደሆነ ራሱ ተናገረ። በሻማ መሀል የቆመውን ፎቶ አየ። ዘንጉ ከእጁ ወደቀ።

«ምን አለ? ምን አለ?» ተባለ።

«አውቃታለሁ ነው የሚለው» አለ በፍቃዱ።

ጸዳለ ነጠላዋን ገለጠች። «የት ያውቃታል?!»

«እዚሁ። ባሕሩ ይሄ ባሕር ነው ይላል። ጀልባዋም የአባቱ ናት፤ በቀለሟ ለይቻታለሁ ይላል።»

«ዘንባባውስ?» አሉ አቶ ወልደአምላክ፤ ጥንቁቅ ሰው ናቸው።

«ዘንባባውን አውሎ ነፋስ ነቀለው ይላል። ወድጃት ነበር ይላል። ስስላት አልቆምልህ እያለች አስቸገረችኝ ይላል።»

ሙሴ ኦገስት ቤቱ ሄዶ ሥዕሏን ይዞ መጣ። ሸራው ከላይ እስከ ታች ሮዝ ባሕር ነው፤ በታችኛው ጥግ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። ሽማግሌው በጣቱ ነጥቧን አሳየ።

«እሷ ናት!» አለ በፍቃዱ።

ሃያ ሦስቱ ሰው በየተራ ነጥቧን ተሳለመ። «አፍንጫዋ ቁርጥ!» አለች አንዷ። «አወይ ቁመና!» አለች ሌላዋ። ጩኸቱ እንደ አዲስ ተነሣ፤ ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር አለቀሰ።

ጸዳለ ነጥቧን አየች፤ ከዚያ ፎቶውን አየች። በጥሩ መስታወት ተደርጎ፣ አበባ ተደርድሮለት ሲያዩት ሌላ ነው። ያቺ ጎፈሬ ልጅ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ወደ ሩቅ ታያለች። ያን ቀን ፎቶ አንሺው «ወደ ባሕሩ እይ» ሲላት፣ «ከኋላዬ ነው እኮ» ብላው ስቀው ነበር። ጸዳለ በዚያ ቅጽበት፣ ሳታስበው፣ እውነተኛውን ለቅሶ አለቀሰች።

«ምስኪን! ባሕር አያለሁ ብላ ነበር እኮ!»

«አየች እኮ! ኖረችበት እኮ!» እያሉ አጽናኗት።

በሦስተኛው ቀን ሠልስት ሆነ። ከበቡሽ ለማግሥቱ ለሁሉም ባዶ ወንበር አፈላልጋ ነበር። «ሐዘንተኛ ወደ ኋላ አትቀርም፤ አንቺም ከእኛ ጋር ነሽ» አለቻት። ጸዳለ አሰበችው፤ ነገ አውሮፕላን፣ ከነገ ወዲያ የመስታወት ሣጥን። ሃያ እርምጃ የማይርቅ ባሕር ዳር ሦስት ቀን ተቀምጣ፣ ሮዝ ይሁን ሰማያዊ ሳታውቅ ልትመለስ ነው። ተነሥታ ቆመች።

«ኑዛዜ አለ» አለች።

አቶ ወልደአምላክ ሳል አሉ። «ምነው እስካሁን ሳትነግሪን?»

«በሠልስቴ ተናገሪ ብላኝ ነው፣ አባባ። በስልክ።»

«በመጨረሻ ሰዓታቸው?»

«በመጨረሻ ደቂቃዋ።»

«ምን አሉ?»

«ለእኔ ያለቀሰ ሁሉ እግሩን ባሕር ይንከር አለች። ጸዳለን ግን…» ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች፤ «ጸዳለን ፀሐይ እስክትጠልቅ ባሕሩ ፊት ለብቻዋ ተዉአት። ማንም አያናግራት። ቲማቲም አትከትፍ።»

«ቲማቲም?»

«እንዲያ ነው ያለችው።»

አቶ ወልደአምላክ ራሳቸውን ወዘወዙ። «ነገሩ ግራ ነው» አሉ። «ግን የሟች ቃል ነው። የሟች ቃል አይገሰስም። ጫማችሁን አውልቁ።»

እንዲህ ሆኖ አንድ ዕድር ሙሉ፣ ጥቁር በጥቁር እንደለበሰ፣ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ፣ እስከ ጉልበቱ ሜዲትራኒያን ገባ። መጀመሪያ በእንባ ገቡ። ቀጥሎ አንዷ ማዕበል ስትመታት «ኡኡ!» አለች፤ ኡኡታው የልቅሶ አልነበረም። በፍቃዱ ውኃ ረጨ። አቶ ወልደአምላክ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ሶርቤ የሚሉትን የፍራፍሬ በረዶ ገዙ፤ «ወተት አለበት?» ብለው አስጠየቁ፣ የለበትም ተባለ፣ «እንግዲያ የጾም ነው» ብለው ለሁሉም አደሉ። ሠዓሊዎቹ ቀለም አለቀባቸው።

ጸዳለም ድንጋይ ላይ ለብቻዋ ተቀመጠች። ለብቻዋ ማለት፣ ከውኃው ውስጥ ሃያ ሦስት ሰው እያየ «ብቻዋን ናት?» «ብቻዋን ናት» እየተባባለ ይጠብቃት ነበር። ግን ማንም አላናገራትም። ከሰዓቱን ሙሉ ባሕሩን ዓይን ዓይኑን አየችው። ሰማያዊ ነው፤ ደረቅ፣ ግትር፣ ተራ ሰማያዊ። «ዋሽቷል» አለች በሆዷ፣ ስለዚያ ሥዕል። «እንደኔው ውሸታም ኖሯል።»

ፀሐይዋ ከቀዩ ተራራ ጀርባ ዘንበል ስትል ግን፣ አንድ እንቁላል ተልጦ እስኪያልቅ ለሚሆን ጊዜ፣ በጾም እንቁላል ባይጠራም፣ ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር ጉንጩ ቀላ። ጀልባዎቹም፣ ደወል ቤቱም፣ የአቶ ወልደአምላክ ባትም ሮዝ ሆኑ። ጸዳለ ሐዘንተኛ መሆኗን ረስታ ከት ብላ ሳቀች።

ከበቡሽ ውኃዋን እያንጠባጠበች መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ፀሐይ ጠለቀች። አሁን ማናገር ይፈቀዳል?»

«ይፈቀዳል።» ጸዳለ ሳቋን ዋጠች። «ከበቡሽ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ… አክስቴ…»

«ቀሚሱ የኔ ነው» አለች ከበቡሽ።

«የቱ?»

«ፎቶው ላይ ያለው ባለ አበባው። ፎቶ ልነሣበት ብለሽ ደሴ እያለን ወስደሽ አልመለስሽውም።»

ከፊታቸው በፍቃዱ አንዲት የዕድር እናትን እንዴት እንደሚንሳፈፉ ያስተምራቸዋል።

«ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር?»

«አክስት የሚባል ዘር የለሽም እኮ።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«አንቺ ለምን መጣሽ?» አለች ከበቡሽ። የእግሯን ጣቶች አሸዋው ውስጥ ቀበረቻቸው፣ አወጣቻቸው፣ መልሳ ቀበረቻቸው። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔም ሳልነግርሽ ነው እንጂ፣ የባሌ አጎት ግሪክ አገር፣ አንዲት ደሴት ላይ፣ በጠና ታመዋል።»

«ውይ! ምናቸውን?»

«ሁሉ ነገራቸውን። ለመጪው ነሐሴ የሚደርሱም አይመስለኝ።»

ጸዳለ ሮዝነቱ እየጠፋ ያለውን ባሕር አየች። «ነፍስ ይማር» አለች።

«ገና ናቸው እኮ!»

«አስቀድሜ ነው። የነሐሴ ወንበር ቀድሞ ነው የሚያዘው።»